ናሙና

ሃያ ሦስት ዓመት ከማቅለሚያው ክፍል
ጨርቅ በዐይኔ መዝኜ «ያልፋል»፣ «ይመለስ» ስል፣
አንድም ቀን አልጠየቅሁ «ቀለም ምንድን ነው» ብዬ፤
ጠይቄስ? ቀለም ማለት ቀለቤ ነው፣ ኪራዬ።

ቅዳሜ ነው። ጦይባ ልጄ ከደሴ ወረደች፤
ሐረጎን ሳትጨርስ ሹራቧን አወለቀች።
«አባ፣» አለች፣ ገና ውሃ እንኳ ሳትጠጣ፣
«ጥንት በግሪክ አገር ሙግት ነበር የመጣ፦
ነፋሱ አንድ ሆኖ፣ አንዱ ‹በረደኝ› ቢል፣
ሌላው ‹ኧረ ሞቀኝ›፣ ማነው ባለድል?»

«ይሄማ ሐረጎ ነው!» አልኳት። «ከዚያችው ጠምዛዛ
ወጪው ጋቢ ደረበ፣ የወራጁ ግንባር ወዛ።
ለዚህ ነው መጽሐፍ የሚጻፈው?»

ሳቀች። «ሌላውስ ምን አለ? ጣፋጭ የለም፣ መራራም የለም፤
ልማድ ያወጣው ስም ነው፤ የለም እንኳን ቀለም።
ያለው ባዶና ትቢያ ነው፣ ደቅቆ የማይቆረጥ።»
እጄን አየሁት፦ ሰማያዊ፣ በሳሙና የማይለወጥ።

ዝም አልኩ። የይመር ሙሄ ጣቃ ትዝ ብሎኝ ነው፤
የተማሪ ደንብ ልብስ፣ «አረንጓዴው ሌላ ነው»
ብሎ የመለሰው።
እዚህ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ በኮምቦልቻ ፀሐይ፣
ጣቃውና ናሙናው መንታ ናቸው፣ ማንም ቢያይ።
ይዤ ወጣሁ በማግስቱ፣ እስከ ሱቁ፣ ፒያሳ፤
ጉሙን ተከናንቧል፣ አይታይም ጦሳ።
በዚያ ብርሃን ዘረጋናቸው። አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ አመድ።
እጄ ላይ የተጣሉት፣ ስመለስ ታረቁ፣
ያለ ሽማግሌ፣ በመንገድ።

ታች ያየው ዐይኔ ዋሸ? ወይስ ላይ ያየው?
ይመር ግን አልጨነቀው፦
«ጌታው፣ ልጆቹ የሚለብሱት እዚህ ደሴ ነው።»

«ሦስተኞቹ፣» አለች ጦይባ፣ «ፍርዱን ይተዉታል፤
‹ይመስለኛል› ብለው ብቻ በሰላም ያድራሉ።»
«አለቃዬን አያውቁትማ!

ግን ለዚያ ለትቢያው ሰውዬ አንድ ነገር ንገሪልኝ፦
ትቢያ መኖሩን ማን ነገረው? ይሄው የናቀው ዐይን አይደል?
ምስክር አቁሞ፣ ቃሉን ተቀብሎ፣
ከችሎት ሲወጣ ‹ውሸታም› ይለዋል?»

ሰኞ ቅጹ ላይ፣ «ውሳኔ» ከሚለው ፊት፣
«እዚህ ያልፋል፤ ደሴ ይመለስ» ብዬ ጻፍኩበት።
አለቃዬ ጮኸ፦ «አንዱን!»
ማህተሙን እንደያዝኩ ቆምኩ። ቀለሙ ጣቴ ላይ ደረቀ።
ወይን ጠጅ ነው።
ለኔ።