ስድስተኛው ገጽ

ሰውዬው የመጣው ከአዲስ አበባ፣
ነጭ ጓንት አጥልቆ ገራዤ ውስጥ ገባ።
ሸራውን ገለጠ፤ በጉልበቱ ወርዶ
የሻንሲ ቁጥሯን፣ ዝገቱን አስወግዶ፣
ዳዊት እንደሚደግም ከንፈሩ እየሠራ
አሃዝ በአሃዝ ቆጥሮ፣ ፊቱ እየበራ፣
«እሷ ናት!» አለ።

አልፋ ናት። ሁለት ሰው ጫኝ፣ ጣራዋ ጨርቅ፤
ለደብረ ማርቆስ ክረምት የማትሆን ዕቃ፤
ቀይ ነበረች ድሮ፣
ዛሬ እንደ ገል ቀልማ፣ እንደ ገል ደርቃ።

«መኪናዋን አየሁ። ዋጋዋ ያለው ግን ወረቀቷ ላይ ነው።
ማን ከማን ገዛት? ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ከተበጠሰ
ብረት ናት፣ በኪሎ።»

ሊብሬዋን አወጣሁ ከመፍቻ ሣጥን፣
ዘይት የጠጣ ደብተር፣ አይጥ የቀመሰው ጥጉን።

ገጽ አንድ፦ ሙሴ ስታማቲስ፣ እንጨት ነጋዴ፣ በሃምሳ አንድ።
ለሚስቱ ነበር ያመጣት፤
ሚስቱ ግን «ዓባይን አልሻገርም» ብላ
ባዶ ወንበር ጭኖ ሦስት ዓመት ነዳት።

ገጽ ሁለት፦ ቀኛዝማች ደምለው። ዋጋዋ ሠላሳ ሰንጋ።
ቁመቱ ሎጋ ነው፤ ጣራዋን ሳይዘጋ፣
ባርኔጣውን በገመድ አስሮ ካገጩ ሥር
እስከ ጨሞጋ ሄዶ ይመለስ ነበር።
ከዚያ አያልፍም፤
መታየት ነው እንጂ መድረስ አይፈልግም።

ገጽ ሦስት ስም የለውም። ማኅተም ብቻ፣ ወይን ጠጅ፦
«በሕዝብ ስም ተወርሳለች።»
ሕዝቡ አልነዳትም።
ከግምጃ ቤቱ ጓሮ ዶሮ ታቅፋባታለች።

ገጽ አራት፦ ጓድ ሽታሁን፣ «ለመስክ ሥራ»።
መስኩ ላይ ሰመጠች።
ከቢቸና መልስ፣ ጥቁር ጭቃ ውስጥ፣
በስምንት በሬ ተጎትታ ወጣች።
አራሾቹም ሣቁ፦ «ቀንበር ያልለመደች ጊደር!»

ገጽ አምስት፦ ሐራጅ። ወይዘሮ ጥሩዓለም፣
ባለ ወፍጮ፣ ፍኖተ ሰላም።
የፈለጉት ሞተሯን ነው።
ለሩጫ የተሠራ ልብ አንድ ቦታ ቆሞ
አሥራ ሁለት ዓመት በቆሎ ፈጨ፤
ሰፈሩ በጩኸቱ ሰዓት ይሞላ ነበር።

«እዚህ ጋ፣» አለ ሰውዬው፣ «እዚህ ጋ ነው የሚበጠሰው።
ሞተሩን ከወፍጮ ማን አወጣው?
ማን ነው መልሶ የገጣጠማት?
ገጽ ስድስት ላይ የባለቤት ስም የለም።
በእርሳስ የተጻፈች አንዲት ቃል አለች፣ ማስታወሻ ሳትሆን አትቀርም፦
‹አትርሳው›።
ምኑን ይሆን? ግብሩን? ቦሎውን?»

ዝም አልኩ።
ከቃሉ ጎን ጥቁር አሻራ አለ።
ቀለም አይደለም፣ ግራሶ ነው።
የአውራ ጣት ነው፣ ጫፉ ጎደሎ፣ ቺንጊያ የበላው።
አውቀዋለሁ ያን ጣት፤
ጆሮዬን ስንቴ ጠምዝዞታል።

ሞተሯን በቀረ ደሞዙ ምትክ ወሰደ።
በሯን ከአንዲት መበለት የጎመን አጥር ፈታ፤
ወንበሯን ከፀጉር ቤት ገዛ፤
መሪዋን ልጆች ሲያሽከረክሩት አግኝቶ
በከረሜላ ለወጠ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት። እናቴ «ጣውንቴ» ትላታለች።

አንድ ማታ አስነሳት።
አልነዳትም፤ መንጃ ፈቃድ የለው፣
ቢኖረውም ጎማ አልነበራት።
ኮፈኗ ላይ እጁን ጭኖ፣
እንደታመመ ልጅ ትኩሳቷን ለክቶ፣
ትንሽ ቆየና፣ አጠፋት።
ከዚያ መሠረተ ትምህርት ያስተማረችውን፣
መጻፍ የሚችለውን አንድ ቃል፣
ምላሱን ነክሶ ጻፈ።

ሰውዬው ጓንቱን አወለቀ፤ ብዕሩን አነሣ።
«እሺ፤ የመጨረሻው ባለቤት?»

«አትርሳው» አልኩት።

«አልረሳውም፣» አለኝ፣ «ስሙን ብቻ ንገረኝ።»