አወዳደቅ

ሐሙስ ማታ፣ ሙሐረቅ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣
ምድር ቤቱ ጎማ ቤት ከሆነ ፎቅ፣ ጫማዬን አውልቄ ስገባ
የተቀበለኝ ቃል «ውደቂ» የሚል ነው።

ውደቂ?
እኔ ይርገዱ፣ አርባ ሁለት ዓመት ሌላ ምን ሠራሁ?
ስድስተኛ ክፍል ወደቅሁ፣ ደብተሬ በርበሬ ተቋጠረበት፤
ከባሌ ዓይን ወደቅሁ፣ በጎጆዬ ሌላ ገባበት፤
ዕዳ ላይ ወደቅሁ፣ ዕዳው ትኬት ቆረጠልኝ፣
ባሕር አሻግሮ ሰው ደጅ ጣለኝ።
በወደቀ ዛፍ ላይ ምሣር እንዴት እንደሚበዛ
ለእኔ የሚነግረኝ ካለ፣ አይንገረኝ እንደ ዋዛ።

የመጣሁት ለሐመድ ነበር፣ ለማሳድገው ልጅ፤
ሰባት ዓመቱ ነው፣ ሲከፋው ሰው ይነክሳል እንጂ
አያለቅስም።
አግዳሚው ላይ ጫማውንና ኮዳውን ታቅፌ ስጠብቅ
ሻቭካት መጣ፣ ኡዝቤኩ፣ ጆሮው እንደ በለስ ደረቅ፤
«ጫማ» አለኝ «አያስፈልገውም ጠባቂ፤
ነይ፣ አንቺም ውደቂ።»

አገጭ ወደ ደረት። ጀርባ እንደ ቅል ክብ።
መሬት ሳትመታሽ ቀድመሽ ምቻት፣ በክንድሽ ሙሉ፣ ጧ!
ሃያ ጊዜ። አርባ ጊዜ።
ሲነጋ ትከሻዬ ጤፍ ሲወቃ ያደረ መሰለ፣
እንቅልፌ ግን፣ ስንት ዘመን የሸሸኝ፣ ያን ሌሊት አልጋዬ ላይ ዋለ።

ፍራሹ ላይ አቡ ማጂድ አለ፣ ሰባ ሊደፍን አንድ የቀረው፣
ጀልባ ላይ ያረጀ፣ ጉልበቱ እንደ ዛገ በር የሚጮኸው፤
ጎፓላን አለ፣ የስፌት መኪና አጉብጦት የኖረ፣
ዘንድሮ በስድሳ ዓመቱ ቀና ማለት ጀመረ።
ሐመድ አቡ ማጂድን ጠልፎ ሲጥለው
ሽማግሌው ከሥር ሆኖ «ማሻአላህ!» ነው የሚለው።
ከዚያ ይነሱና፣ ሰባውና ሰባቱ፣
ጎንበስ ብለው እጅ ይነሳሳሉ።
ልጁ ከነከሰኝ ይኸው ሦስት ወር አለፈ።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው።
የያዘሽን ሰው፣ የተጫነሽን ሰው፣
በመዳፍሽ መታ መታ ካደረግሽው፣ ሁለቴ፣
ይለቅሻል። ወዲያው።
ለምን አይልም። ገና ነው አይልም።
ሕግ ነው አሉኝ።
አስራ አንድ ዓመት በሰው ቤት ስኖር
እንዲህ ያለ ሕግ አላየሁም።

በረመዳን፣ ቅርጫት ሙሉ ልብስ ተሸክሜ፣
ከእብነ በረዱ ደረጃ ላይ ሳሙና ከዳኝ።
ክንዴ ከሐሳቤ ቀደመ። ጧ! አለ ቤቱ።
ጥርሴን በምላሴ ቆጠርሁ፤ አሉ፣ ሁሉም በየቤቱ።
እናቴ ማታ ማታ «አወዳደቄን አሳምርልኝ» ትል ነበር፤
ስለ ሞት ይመስለኝ ነበር።
ለካ ስለ ደረጃም ይሆናል።

ኡም ጃሲም፣ የሐመድ አያት፣ ከወንበሯ ሆና አየች።
ሰባ አራት ዓመቷ ነው። እህቷ
መታጠቢያ ቤት ወድቃ፣ ዳሌዋ ተሰብሮ፣ በዚያው ቀረች።
«አስተምሪኝ» አለች።

በሩን ዘጋን። ትራስ ደለደልሁ፣ ምንጣፍ በምንጣፍ ደረብሁ፤
ከተቀመጠችበት ወደ ኋላ፣ አንገቷን በእጄ ደገፍሁ።
መጀመሪያ ፈራች፣ ክንዴን ቧጠጠች፤
በሳምንቱ ምንጣፉን መታች።
በሁለተኛው ሳምንት፣ በጀርባዋ ተንጋልላ፣ ሻርፗ ተንሸራቶ፣
ሳቀች፤ ጥርሷን ያየሁት ያኔ ነው፣ ያ ሁሉ ዘመን አልፎ።

ትናንት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ደወሏን ደወለች። ለአራተኛ ጊዜ።
ውኃ አቀረብሁ፣ እግሯን አሸሁ፣ መጋረጃውን ሳብሁ፤
አሁንም እጅጌዬን ይዛለች።
እኔም ሳላስበው
የአልጋዋን ጠርዝ በመዳፌ መታሁት፣ መታ፣ መታ።

ዝም አለች። ኤሲው ብቻ ያጉረመርማል።
ከዚያ ጣቶቿ አንድ በአንድ ተፈቱ።
«ሂጂ ተኚ» አለችኝ።
ሕጉን ታውቀዋለች፤
እኔው ነኝ ያስተማርኋት።