ቅጽል

አትክልት ተራ ሳለ፣ ከጊዮርጊስ ቁልቁል፣
ጀርባው ሲያልፍ ያየሁት ከጆንያው እኩል፣
አንገቱ በሸክም እያደር ያጠረ፣
ለስንት ቤት ወጥ ድንች ሲያወርድ የኖረ፣
ገበያው ላፍቶ ሲሄድ ፒያሳ የቀረ፣
ያ ሰው ነው።

ቦታው ዛሬ አጥር ነው፣ ቆርቆሮ አረንጓዴ፤
የበሰበሰ ጎመን ይሸተኛል አንዳንዴ፣
ዝናብ ሲያባራ።

አሁን ባልዲ ይዟል፤ እንፋሎቱ ሰማይ፣
ዳጣው በሃይላንድ፣ ጨዉ ጋዜጣ ላይ፣
አንድ ዐይኑ ደንበኛ፣ አንድ ዐይኑ ደንብ ላይ።

«ቅጽል ስምን ይገልጻል» እያልኩ ስጮህ ውዬ፣
ከባልዲው ዳር ቆምኩኝ፣ ሃያ ብር አቀብዬ፣
ጠመኔ ባልለቀቀው እጄ።
«የእናንተ አገር ድንች ይጣፍጣል አሉ» አልኩት፣ ለወግ ያህል።

ሳቀ።
«የትኛው ድንች?» አለኝ። «ይሄ የያዝከው ክብ
ትናንት የመጣ ነው፣ ከፈረንጅ ዕቃ ጋር፣ በመርከብ።
አያቶች ፈሩት አሉ፤ አበባውን አይተው ነቀሉት።
ከዚያ ክፉ ቀን ሆነ። ከብቱ በበሽታ አለቀ፣
ሞፈር ግድግዳ ላይ ዋለ፣ በሬ የሌለው ዐወቀ፤
ይሄ ዶማ ብቻ ነው የሚፈልግ፣ በሦስት ወር ይደርሳል፤
የእኛ ዶኑዋ ስምንት ወር! የራበው ልጅ መቼ ይታገሣል?»

«ዶኑዋ?»

«እናቴ ጓሮ ነበረ። ቀጭን፣ ጉጥ ያለበት፣
እንደ ጣት። ሲላጥ እጅ ያጠቁራል።
ድንች ማለት እሱ ነበር። ይሄ መጣና ስሙን ወሰደ፤
የእኛው ‹የወላይታ ድንች› ተብሎ ገበያ ዳር ወረደ።»

እንግዳው ስም ሆነ፤ ባለቤቱ ቅጽል ተቀጠለበት።
ይህ በመማሪያው መጽሐፍ የለም።

ስድስት ዓመት ሙሉ ከእጁ በልቼ፣
ስሙን ጠየቅኩት፣ ዛሬ፣ አፍሬ፣ ዘግይቼ።
«ማዳልቾ» አለኝ፣ ዳጣ እያንጠባጠበ።

ፉጨት።
ደንቦች፣ ከማዘጋጃው በኩል።
ባልዲው ትከሻው ላይ ወጣ፤ ትከሻው መንገዱን ያውቃል፣
በአጥሩ ጥግ ጥግ፣ ቁልቁል።
መልሴ አምስት ብር ጭብጡ ውስጥ ነው።

«ማዳልቾ!» አልኩ።
አልዞረም።
«ማዳልቾ!»
ሰው ሁሉ እኔን አየኝ።

ሎተሪ አዟሪው ጎንበስ ብሎ ከአስፋልቱ አነሳ፤
«ወላይታው! ድንች ወደቀብህ!»

ዞረ።