ዐርባ ቀን ጣሪያ ላይ

አዳማ ላይ ነፋስ በር አንኳኩቶ አያውቅም፤
አቧራውን ይዞ ሲገባ አይሳቀቅም።
መስታወት አልብሶ፣ ማበጠሪያ ዳብሶ፣
ይወጣል በጓሮ፣ መጋረጃ ጥሶ።
ስለዚህ ነው እኔ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣
ቅባት የምቀባ።

ጓሮዬ ውስጥ አለች አንዲት ጽጌረዳ፣
የሳልሳ ቆርቆሮ የሆነላት ጓዳ፤
ቅጠሏን ትል በልቶት ወንፊት አስመስሏታል፣
አበባዋ ቢያንስም ማለዳ ይሸታል።
ጤዛዋ ሲለቃት፣ ንቧ ጠግባ ስትወጣ፣
እለቅማታለሁ እሾኋ ሳይቆጣ፤
በነጭ ጨርቅ ዘርግቼ፣ በጥላ አድርቄ፣
ሱፍ ዘይት አፍስሼ፣ ክዳኑን አጥብቄ፣
ጣሪያው ላይ ነው ቦታው፣ ከቆርቆሮው እቅፍ፣
ዐርባ ቀን ሙሉውን፣ ሳልነካው፣ ሳልጣደፍ።
የጎረቤት ድመት ጎኑ ትተኛለች፤
«ክርስትናው መቼ ነው?» ትለኛለች
እትዬ አሰለፈች፣ ስታልፍ እየሳቀች።

ሌንሴ የመጣችው እሑድ ቀን ነበር፤
ከቆቃ፣ ከአበባው፣ ከላስቲክ ቤት ሰፈር፤
ክንዷ ሙሉ ቀይ ጽጌረዳ ታቅፋ፣
ሠርግ የምትሄድ መስላ፣ ፀጉሯን በሻሽ ጠልፋ።
«ጎባጣ ነው ብለው፣ አንገቱ ሆኖ አጭር፣
አውሮፕላን ያልተሳፈረ፤ ሊጣል ነበር፤
ዘይት አድርጊልኝ፣ ለእጄም፣ ለፀጉሬም፤
አንቺ ታውቂያለሽ ሲሉ ሰምቻለሁ እኔም።»

ሻሿን ስትፈታው
ከግንባሯ በላይ ሁለት ጣት ያህል ሳስቷል።
እጇን ስትዘረጋው
የጣቷ መጋጠሚያ እንደ በጋ ኩሬ ተሰነጣጥቋል፤
ከአውራ ጣቷ ሥር እሾህ የገባበት ጠቁሮ ቀርቷል።

አንዱን አበባ መዝዤ ካፍንጫዬ አስጠጋሁ።
ምንም። ደግሜ ሳብኩ፤ ጠበቅሁ።
የላስቲክ፣ የፍሪጅ፣ የመድኃኒት ቅሪት፤
ጽጌረዳ ግን የለችም እዚያ ቤት።
«ሌንሴ» አልኳት፣ «ይኼ መድኃኒት ጠጥቷል፤
ዘይት ውስጥ ብነክረው የጠጣውን ይተፋል።
እጅሽን የበላውን በጠርሙስ አሽጌ
መልሼ አልቀባሽም መድኃኒት አድርጌ።»

ዝም አለች። ከመንገድ የባጃጅ ጡሩምባ፣
ከጓሮ ድመቷ። ሌንሴ አበባውን አላስቀመጠችም፣ እንደ ልጅ አቅፋ።

ክርስትናው ሁለት ቀን ቢቀረውም፣ ጠርሙሱን አወረድኩ ከጣሪያ፤
በንጹሕ ሻሽ አጥልዬ፣ አንድ ጠብታ ለመሞከሪያ
ከክርኗ ውስጥ አስነካሁ፤ ጠበቅን።
እትዬ አሰለፈች ስታልፍ አየችን፤
ዛሬ ግን አልሳቀች።
«ካቃጠለሽ ንገሪኝ።» «አያቃጥልም» አለች።

ፀጉሯን ፈለግ በፈለግ ከፍዬ፣ ለብ ያለውን ዘይት
ከሥሩ አደረስኩት፣ በጣቴ ጫፍ፣ ሳልጎትት፤
ሲጎተት ነው የኖረው፣ በላስቲክ፣ በላብ፣ በሙቀት።
ከዚያ እጇን ወሰድኩ፤
ስንጥቁን በስንጥቅ አዳረስኩ በተራ፤
ስለ ልጇ አወራች፣ ስለ ፈረቃ ሥራ፤
ድንገት ወሬዋ ቆመ።
መዳፏን ካፍንጫዋ አስጠግታ ቀረች።

«ይኼ ምንድን ነው?»
«ጽጌረዳ።»
«ጽጌረዳ እንዲህ ነው እንዴ የሚሸት?»
ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በቀን ሁለት ሺህ አንገት
ስትቆርጥ የኖረች ሴት።

«ፀጉርሽ ይበቅላል ብዬ አልምልም» አልኳት፤
«ማሳከኩን ያስታግስ ይሆናል። ለእጅሽ ግን
ጓንት ጠይቂያቸው፣ ጓንት።»
ሃምሳ ብር ሰጠችኝ። ተቀበልኩ፤ ሱፍ ተወዷል፤
የቀረውን ከነጠርሙሱ ሰጠኋት፤ ምናልባት ይመጣጠናል።

ያመጣችውን አበባ ባልዲ ውስጥ አቆምኩት፤
ደንበኞቼ ወደዱት፣ ፎቶ ተነሡበት።
ዐሥራ አምስት ቀን ሙሉ አልጠወለገም፤ ቀይ እንደሆነ።
አንድ ቀን ንቧ በመስኮት ገባች፣ ነፋሱ እየገፋት፤
አንዴ ዞረችው። ሁለቴም አልደገመች።
በመጣችበት መስኮት
ወደ ሳልሳው ቆርቆሮ ተመለሰች።