ኩርባ

ጦሳ ጉም ለብሷል፤ የዋርዱን መስኮት አልቦታል፤
ጋሽ እንድሪስ በግራ ጎኑ ከተኛ ሁለት ሰዓት ሞልቶታል።
«ሲስተር ዘምዘም፣ ደረስን?» ይለኛል በግማሽ አፉ፤
ሐረጎን በኤንትሬ ሲወጣ ሲወርድ ነው ዕድሜው ማለፉ።

«ገና ነን።» አንሶላውን ወዲያና ወዲህ ይዘን፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤
ማንሳት ነው እንጂ ደንቡ፣ ቆዳ አይወድም መጎተት።
ትራስ በጉልበቶቹ መሀል፤ ተረከዙ ከፍራሹ ይራቅ፤
ዳሌው ላይ ቀይ አየሁ፤ በጣቴ ጫን፣ ልቅቅ፤
ነጣ።
መልሶ ቀላ። እፎይ፣ ደሙ ገና መንገዱን አላጣ።

ልጁ «እሽት አርጊው» ይላል፤ የቀላ ግን አይታሽም፤
ቁስል ከሥር ከጀመረ፣ ላዩ ሳይፈርስ አይነግርሽም።

ጻፍኩ፦ ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ ቀኝ ጎን፣ ቆዳው ደህና።
እሱ በደህነኛ እጁ የአልጋውን ብረት እንደ መሪ ጨብጦ፣
«ክላክስ አድርጊ» አለኝ፣ «ከኩርባው ወዲያ መኪና አለና።»