ከበሩ ጎማ ሥር

ዶን ዳርዶ መኪናውን አስጎትቶ መጣ፣
ሐምሌ ነው፤ ፓይሳንዱ የወንዙን ጉም ጠጣ።
ሞሪስ ናት፣ ትንሿ፣ ጀርባዋ እንደ ዱባ፣
አንድ ዓይኗ የጠፋ፣ ወለሏ ውኃ 'ሚያስገባ።

"ሰማያዊ ነበረች" አለኝ ገና ሳይቀመጥ፣
"ሩበን፣ ወንድሜ፣ ከወደብ ሲያመጣት፣ እንዲህ ስታብለጠልጥ!
ስድስት ዓመቴ ነው፤ በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ፤
ማቤል፣ ሌላ አትቀቢኝ፤ የጥንት ቀለሟን እሻለሁ።"

እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ፤ የሰው ትዝታ አልቀባም፣
ላሜራውን ሳልጠይቅ እጄ ቆርቆሮ አይገባም።
ብርጭቆ ወረቀት፣ ባልዲ፣ የአሮጌ ሸሚዝ ቁራጭ፤
ከኮፈኑ ጀመርኩ፣ ቀስ ብዬ፣ እንደ ሽንኩርት ላጭ።

ላይኛው ነጭ፤ ለሙሽራ ስትከራይ የለበሰችው፣
በየቅዳሜው ሩዝ እየተበተነባት የሰው ደስታ የተሸከመችው።
ከሥሩ ጥቁር፤ ታክሲ ሆና ባቡር ጣቢያ ያደረች፣
ከጥቁሩ ሥር ቀይ፤ ሰባት ቁጥር አዝላ በጭቃ ሜዳ የተሽቀዳደመች።
ከቀዩ ሥር ስቱኮ፣ የጣት ውፍረት ያለው፤
ቀጥቃጩ ሰነፍ ነበር፤ ሳያቃና ነው የደፈነው።
ከስቱኮው ሥር ዝገት።
ከዝገቱ ሥር፣ በወዲያ በኩል ብቅ ያለ፣ የገዛ ጣቴ።

ሰማያዊ የለም።
ለሽማግሌው ስል ፈለግሁ። የለም።

"ወንድሜን ነው የካድሽው" አለ፤ ኮፍያውን አነሣ፣
ሳምንት ሙሉ ጠፋ፤ ስልኩም ቢጮህ አልተነሣ።
እኔ ሥራ አልፈታሁም፤ የበሰበሰውን ቆረጥኩ፣
ፓራፋንጎውን በየድኩ፣ ቀዳዳውን እንደ ካልሲ ጠቀምኩ።

ሐሙስ ከሰዓት፣ የግራውን በር ጎማ ስስብ፣ አንድ ክር ቀለም፤
ፀሐይ ያላገኘው፣ ቀቢ ሁሉ የረሳው ዓለም።
አረንጓዴ እንዳይሉት ግራጫ፣ ግራጫ እንዳይሉት ለምለም፤
ከመንገድ ዳር የወደቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ላክሁበት። መጣ። መነጽሩን ጠረገ፤ ደግሞ ጠረገ።
"የእኔ ሰማያዊስ?" አለ፣ ከረሜላ እንደነጠቁት ልጅ።
"በማን ልቀባ? በላሜራው ነው በአንተ?"
ብዙ ቆየ።
"በላሜራው" አለ። "ሩበን የገዛው እሱን ነው።"

ቀለም ቤት ሄድኩ፤ ኖርማ ሦስቴ ቀላቅላ ሦስቴ መለስኩባት፣
አንዴ ቢጫው በዛ፣ አንዴ የጥቁር ጠብታ አነሰባት።
አራተኛውን ከክሩ ጎን ጠብ አደረግሁት፤
ሲደርቅ ከአሮጌው ልለየው ብዬ አጣሁት።

ከዚያ ጥበቃ። በእርጥብ አየር የተረጨ ቀለም
ውስጡ ጉም ይዞ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ አይለቅም።
ዘጠኝ ቀን ዝም አልን። ከኮምፕሬሰሩ ጀርባ ድመት ወለደች።

በአሥረኛው ሌሊት ፓምፔሮ ተነሣ፣ የደቡቡ ነፋስ፣
ልብስ ከገመድ፣ ቆርቆሮ ከጣራ፣ ጉም ከወንዙ የሚያፍስ።
አቧራው እንዲተኛ ወለሉን ውኃ ረጨሁ፣
ያችን ክር በፕላስተር ሸፍኜ፣ አፌን አሰርሁ፤
ሦስት ጊዜ፣ በስሱ፣ እንደ አጫጅ ሄድሁ፣ መጣሁ።

ነሐሴ ሲገባ ወደ ደጅ ገፋናት።
ዳርዶ ዞራት፤ ቅጠል ናት። እንደገና ዞራት።
ራሱን ነቀነቀ፣ ለቀብር እንደሚነቀነቅ።
ቁልፉ ወደቀበት።

ሊያነሣ ጎንበስ አለ፤ ፓራውልቱን ያዘ፤ እዚያው ቀረ፣
ልክ በስድስት ዓመት ልጅ ቁመት።
"ማቤል፣ ነይማ። ዝቅ በይ።"
ጉልበቴን አጠፍኩ።

ነፋስ የጠረገው ሰማይ፣ አንድ ደመና ሳይጎድለው ሳይተርፈው፣
ኮፈኑ ላይ ተኝቷል።

ሲነሣ ጉልበቱ ተንቋቋ፤ ሱሪውን አራገፈ፣
ሒሳቡን ስነግረው "ዘረፋ ነው!" ብሎ ለፈለፈ፤
ጣቱን በምራቁ እያራሰ፣ ብሩን ሁለቴ ቆጥሮ፣ ከፈለ።