ሳንቲሟን ሳትከት

ቆይ ሚልኪ፣ ሳንቲሟን ገና አትክተት፤
እጅህን ጥረግ መጀመሪያ፣ ጭቃ አለበት።
ኳሷ ጭቃ ከገባባት ታኮርፋለች፣
ወደ ግራ ስትላት ወደ ቀኝ ትሄዳለች።

ጋሽ መንገሻ ይቺን ማሽን ከምናለሽ ተራ፣
በአይሱዙ ጀርባ ላይ፣ ከሽንኩርት ጋራ፣
ጭኖ ቱሉ ዲምቱ ያስገባት ለታ
መስታወቷ ተሰንጥቆ ነበር፤ ያው፣ ከላይ በቀኝ፣
ስንጥቁን መንገድ ነው ብለህ እንዳትታለል፣
ስንት ጥይት ጨርሻለሁ እኔ እሱን ስከተል።

አሁን እይ።
ከታች ያለኸው አንተ ነህ፣ ይቺ ነጭ ፍንጣሪ።
ከላይ የሚመጣው መቶ እግር ነው፣ ብዙ ተከታይ፣ አንድ መሪ።
በመስመሩ ይጓዛል ከዳር እስከ ዳር፣
እንጉዳይ ሲገጥመው አንድ እርከን ወርዶ፣ ፊቱን ሊቀይር።

እንጉዳይ ስልህ ሳቅህ። አውቃለሁ፣
አባትህ እዚህ ጤፍ ሲያርስ፣ ነጎድጓድ ባደረ ማግስት፣
በጠዋት እየወጣ ይለቅም ነበር፤
ማሳው አሁን ብሎክ አርባ ሰባት።
ቤቱም እንደ እንጉዳይ ነው የፈላው፣ በአንድ ክረምት።

የዚህኛው አይበላም። አንዱ አራት ጥይት ይፈልጋል።
ግን ሁሉንም አትጥረግ፣
ሜዳው ባዶ ሲሆን ቁንጫዋን ይጠራል፤
ከሰማይ ቁልቁል ትወረወራለች፣
ያላዘዝካትን ዘርታ ታልፋለች።
ይልቅ ሁለት ረድፍ ተው፣ መሀሉን ክፈተው፣
መቶ እግሩ ቦይ እንዳገኘ ውሃ ይግባበት፤
አንተ ከስር ቁም።
ራሱን። ራሱን። ደግሞ ራሱን ምታው።

ወገቡን አትንካ፣ ብዙ ሰው እዚህ ይስታል፤
የተቆረጠው አይሞትም፣ ለሁለት ይከፈላል፣
ጭራ የነበረው ሁሉ ራስ ነኝ ይላል፣
በየፊናው ይወርድብሃል።
ትርንጎ ይሄን ጊዜ «የብሎካችን ኮሚቴ» ትለዋለች።

ሸረሪቷን ግን ፍራ።
«ድር ቢያብር» የሚባለው እሷን አይመለከታትም፣
ድርም የላት፣ አባሪም የላትም፤
እንደ ታክሲ ረዳት ትዘላለች አንተው ሰፈር፣ እግርህ ስር።
ከሩቅ ብትመታት ሦስት መቶ፣
አፍንጫህ ስር ስትደርስ ዘጠኝ መቶ፤
መሀል ያለው ስድስት መቶ የልብ ዋጋ ነው።

ጊንጡ አግድም ያልፋል። አንተን አይነካም፤
እንጉዳዩን መርዞ ይሄዳል፣ ዞር ብሎ አያይም።
መቶ እግሩ ያንን የነካ እንደሆነ
መስመር የለ፣ መታጠፍ የለ፣
ፍሬኑ እንደተበጠሰ ሲኖትራክ ቁልቁል ነው።
ያኔ አትተኩስ። ሽሽ። መሸሽም ጨዋታ ነው።

ትርንጎን ታውቃታለህ፣ ኮብልስቶን የምታነጥፈዋን?
ባለፈው ሐምሌ፣ አውራ ጣቷን በጨርቅ አስራ፣
ከአስር ሰዓት ጀምራ ቆመች።
ድንጋይ ስትደረድር እንደምታየው ነው ያየችው፣
የቱ ተቀምጦ የቱ እንደሚነሳ።
ሰው ኮንቴነሩን ሞላው፣ ጋሽ መንገሻ እራቱን ረሳ፤
ሰማንያ አራት ሺህ... ሰማንያ አምስት... ሸረሪቷ አፍንጫዋ ስር...

መብራት ሄደ።

ማንም «ውይ» አላለም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ብቻ።
ሲመጣ ማሽኗ ማንንም አታስታውስም፣ ዜሮ ነበር ያለችው።
ትርንጎ ጠመኔ ለምና ቁጥሯን በሩ ላይ ጻፈች፣
ከስሩም «እስከ መብራቱ» አለችበት።
ዝናብ አጥቦታል። እኔ ግን ቦታውን አሳይሃለሁ፣
ያውልህ፣ ከማጠፊያው በላይ፣ ዝገቱ የሳሳበት።

በል አሁን፣ ክተት።
አምስት ብር ከፍለህ የአንድ ብር ሳንቲም ሰጠኝ ብለህ አትቆጣ፤
ለሁላችንም ያቺኑ ነው ከሆዷ እያወጣ የሚሸጣት።
አንበሳው ተፍቋል፣ ጎፈሩ ብቻ ቀርቷል፤
የትርንጎም እሷ ነበረች።
ፍጠን፣ አምፖሉ መርገብገብ ጀምሯል።